በወረቀት ጃንዋሪ፣ በእናቱ ግንቦት

በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ጠዋት ስልኩ በመልእክት ይሞላል። ባንኩ እንኳን ተወለድክ ይለዋል። የጥርስ ሐኪሙ ቢሮ፣ የመኪና ኢንሹራንሱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ጫማ የገዛበት ሱቅ ሳይቀር በፊኛና በኬክ ያጌጠ ደብዳቤ ይልኩለታል። በዚያ ቀን እንኳን ተወለድክ የሚሉት እሱን የማያውቁት ብቻ ናቸው። ሚስቱ አትለውም፤ እናቱ አይሉትም፤ ስድስት ዓመት የሞላት ልጁም አትለውም። እሱ ራሱ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ በመኪናው ሰው ለሚያመላልስ ሹፌር ትልቅ የገቢ ሌሊት ስለሆነ፣ ከአሌክሳንድሪያ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን አርሊንግተን ሰካራም ሲያደርስ ነው የሚነጋለት።

እንዲህ ያለ ልደት ያለው እሱ ብቻ አይደለም። የተወለደበት ቀን በሰነድ ያልተረጋገጠ ስደተኛ ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ይሞላለታል። ስለዚህ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ በሚኒያፖሊስና በሲያትል በወረቀት አንድ ቀን የተወለዱ ብዙ ሐበሾች፣ ሶማሌዎች፣ ሱዳኖችና አፍጋኖች አሉ። የእሱን ነገር ለየት የሚያደርገው ቀኑ መታወቁ ነው። በ17 ዓመቱ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገብቶ ሲመዘገብ «መቼ ተወለድክ?» ተባለ። «ለግንቦት ልደታ፣ በ83 ዓመተ ምሕረት» አለ። መዝጋቢው ግንቦት ልደታ የሚለውን ተወው። 83ን ግን ያዘ፤ የኢትዮጵያ ዘመን ወደ ፈረንጅ ሲመለስ 7 እንደሚደመር ከሌሎች ስደተኞች ሰምቷል። 1983 ሲደመር 7፣ 1990። ቀንና ወር የሚለው ላይ 01/01 ጻፈበት። 7 የሚደመረው ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ለተወለደ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 8 ነው። ግንቦት 1 ቀን 1983 ማለት ሜይ 9 ቀን 1991 ነበር። በአንድ እስክሪብቶ ዓመት ከአራት ወር አስረጁት። ከኋላው ያለው ሰልፍ ረጅም ስለነበር እሱም ዝም አለ። ሚስቱ ይህን ለእንግዳ ስትተርክ መጨረሻ ላይ የምትጨምራት አንዲት ነገር አለች፦ «ጡረታ ግን ቀድሞ ይወጣል።»

እናቱ የሚኖሩት ከደብረ ሲና ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። የልጃቸውን ልደት በቁጥር አይናገሩም፤ ይተርኩታል እንጂ። ለልደታ ጎረቤቱ ሁሉ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ፣ ንፍሮው እሳት ላይ ተጥዶ ሳለ ምጥ መጣባቸው። ንፍሮው በስሎ ሳይወርድ እልልታው ሰባት ጊዜ ተሰማ። ሊዘክሩ የወጡት ሴቶች ገንፎ ሊያገነፉ ገቡ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሀገር መውጣቱ ተወራ፤ በ20 ደግሞ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ይህን ሁሉ የሰሙት አራስ ቤት ተኝተው ነው። በወረቀቱ ከሄድን ግን ያን ጊዜ ልጁ በእግሩ ቆሞ ይሄዳል።

የሚስቱ ልደት ችግሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሰዓቱ ሳይቀር ተመዝግቦ ነው የተወለደችው፤ ግን ጳጉሜን 6 ቀን 1987። ዘመኑ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ሆና ዋለች። ጳጉሜን 6 የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነች፣ በአገር ቤት ዘመን ብትቆጠር በ2015 ዓ.ም. ያከበረችው ሰባተኛ ልደቷን ነው። በልጅነቷ በማይኖርበት ዓመት አባቷ «ዛሬ ማታ ከእኩለ ሌሊት በፊት ለአንድ ደቂቃ ተወልደሻል» እያለ ጳጉሜን 5 ማታ አንድ ከረሜላ ያቀብላት ነበር። በሕይወቷ ሙሉ የማትረሳው ግን 12 ዓመት የሞላት ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 1999፣ የሚሌኒየሙ ዋዜማ። ከተማው በሙሉ በመብራት አሸብርቆ፣ ሰዉ መንገድ ላይ ፈስሶ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሰማዩ በርችት ሲበራ እሷ ጣሪያ ላይ ከወንድሞቿ ጋር ነበረች። ሁሉም ለእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቢሆንም እንደዚያ ያለ ልደት የገጠማት ልጅ ከዚያ ወዲያ በኬክ አትደለልም።

አሜሪካ ስትገባ ልደቷ በየዓመቱ መምጣት ጀመረ፤ የመጣው ግን ሴፕቴምበር 11 ሆኖ ነው። በአራት ዓመት ሦስቱን ጊዜ እንቁጣጣሽ ላይ ይውላል፤ ባንዲራ ደግሞ ግማሽ ድረስ ዝቅ ብሎ የሚውልበት ቀን ነው። የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት ጀምሮ የሟቾችን ስም ሲያነብ ይውላል። በመጀመሪያው ዓመት ኬክ ይዛ ሄዳ፣ ሳትከፍተው በመኪናዋ ይዛው ተመለሰች። ስለዚህ ሁለቱ ሲጋቡ ልደት የሚባለው ነገር ለሁለቱም ትንሽ የሚያስቅ፣ ትንሽም የሚያሳፍር ጉዳይ ነበር።

በአገር ቤት፣ በተለይ ከከተማ ወጣ ሲባል፣ የሰው ልደት ማክበር የቆየ ነገር አይደለም። ይዘከር የነበረው የክርስቶስ ልደት፣ የማርያም ልደታ ነው፤ ለልጁ ክርስትናው ይበቃዋል። ከተማ ውስጥ ፈንዲሻና ለስላሳ፣ ድፎ ዳቦና የተከራዩት ቪዲዮ ካሜራ መጣ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለው ሐበሻ ግን ነገሩን ወደ ሠርግ አስጠግቶታል። የልጅ አንደኛ ዓመት ልደት አዳራሽ ይከራዩለታል፤ ዲኮር፣ ዲጄ፣ ፎቶ አንሺ፣ ክትፎ፣ ሁለት መቶ ሰው። ጥሪው ለ12 ሰዓት ከሆነ ሰዉ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል። ኬኩ ሲቆረስ የልደቱ ባለቤት አክስቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች። ብዙ ሰው ይሳለቅበታል። የሚሳለቀውም ሰው ጥሪ ሲደርሰው ይሄዳል፤ ምክንያቱም ነገሩ የልጅ ልደት ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤት ፈርመው የተጋቡ፣ ወላጆቻቸው ሠርጋቸውን ያላዩ፣ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሱ አያት ያልነበራቸው ሰዎች የቀረባቸውን ሁሉ ባንድ ምሽት ለመክፈል የሚሞክሩበት ነው። ክፍያውም እዳ ነው። የበላኸውን ልደት ታበላለህ።

እነሱም ልጃቸው አንድ ዓመት ሲሞላት እንደ ሰዉ ሊያደርጉ አዳራሽ ተከራዩ፤ ግማሹንም ቀብድ ከፈሉ። ቀኑ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ነበር። በመጋቢት ዓለም ተዘጋ። አዳራሹ ቀብዱን አልመለሰም። በልደቷ ዕለት ሚስት የመጦሪያ ቤቱን ፈረቃ ጨርሳ፣ ልብሷን በር ላይ አውልቃ፣ ታጥባ ሳትጨርስ ከውጭ የጥሩምባ ድምፅ ሰማች። ባሏ ሳይነግራት ለጓደኞቹ ደውሎ ኖሯል። አሥራ አንድ መኪና፣ አብዛኞቹ ያኔ ተሳፋሪ ያጡ ሹፌሮች፣ ፊኛ በመስኮት አውጥተው፣ ጥሩምባ እየነፉ በአፓርታማው ፊት ሁለት ዙር ዞሩ። አንዱ የማኅበር ሰው ከመስኮቱ በረጅም ዱላ ላይ አስሮ ድፎ ዳቦ አቀበላቸው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ በየሰፈሩ እንዲህ ሲደረግ ስለነበር ነገሩ የእነሱ ፈጠራ አይደለም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ልደትና መኪና ተለያይተው አያውቁም። አዳራሹን ተዉት። በዓመት ሦስት ልደት አላቸው፤ ሦስቱንም በመንገድ ላይ ያከብራሉ።

ይህ ለእሱ ቀላል እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። መንዳት እንጀራው ነው። ሌላው ሰው ለመዝናናት የሚይዘውን መሪ እሱ ለመዝናናት መልቀቅ ይገባው ነበር። ሚስቱ መንጃ ፈቃድ ቢኖራትም ሀይዌይ ላይ እጇ ያልባታል። ስለዚህ ስምምነት አላቸው፤ እሱ ይነዳል፣ ስልኩ ላይ ያለው የሥራ ማመልከቻ ከቤት ሲወጡ ይዘጋል፣ ማንም ስለ ቤንዚን ዋጋ አያነሳም። ኩለሩ ውስጥ ቋንጣ ፍርፍር፣ የተቀቀለ እንቁላልና ውኃ አለ። ዳቦ ቆሎና ጭኮ ከፊት ወንበር መሃል ይቀመጣል። ቡና በፔርሙዝ። መኪና ለሚያመው ለመጣ ለቀረ እንግዳ ሎሚ። ከመነሳታቸው በፊት ሚስት ጎማውን ዞራ ታያለች፤ ስለ ጎማ የምታውቀው ነገር የለም፣ ግን አባቷ አዋሳ ሊወስዳቸው ሲነሳ እንደዚያ ያደርግ ነበር።

በበጋ ወደ ኦሽን ሲቲ ይወርዳሉ። መንገዱ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ነው የሚያልፈው፤ ከ4 ማይል በላይ ባሕር ላይ። ሚስት ዓይኗን ጨፍና «ደረስን?» ትላለች፣ ልጅቷ እየሳቀች «ገና ነው» ትላለች፣ ደርሰውም ቢሆን። ድልድዩን ተሻግረው ኢስተን የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ነዳጅ ይቀዳሉ። አንድ ጊዜ መጸዳጃ ፍለጋ ወደ መሃል ሲገቡ ከፍርድ ቤቱ ፊት እጁን ወደ ላይ ያነሳ የነሐስ ሰው አገኙ። ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ባል ስሙን ያውቀዋል፤ ዋሽንግተን ውስጥ በስሙ በተጠራው ድልድይ በቀን ስንት ጊዜ ሰው ያመላልሳል። ሚስት ኮሌጅ ሳለች ያነበበችውን ነገረችው። ዳግላስ የተወለደው እዚሁ ቶልበት ካውንቲ ውስጥ በባርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ገና ሲጀምር የሚያነሳው ዕድሜውን በትክክል አለማወቁን ነው። ኋላ ላይ ለራሱ ፌብሩዋሪ 14ን መረጠ። ባል ሐውልቱን ዞሮ አየውና «እሱ እንኳ ራሱ ነው የመረጠው» አለ።

ሁለቱን ማስተካከል አይገባም። ለባሪያው ቀኑን የነሳው ጌታው ነው፤ መንሳቱም የባለቤትነቱ አካል ነበር። ናይሮቢ የነበረው መዝጋቢ ማንንም ሊነሳ አልፈለገም፤ ቅጹ ባዶ ቦታ አይወድም ነበር እንጂ። ግን በዚያ ቀን ባል ከኢስተን እስከ ባሕሩ ድረስ ሬዲዮ አልከፈተም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር አትላንታ ነበር። ከዋሽንግተን አካባቢ ከ600 ማይል በላይ ነው። ኳሱን ከልቡ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሰዉ የሚሄደው ለመገናኘት፣ ድንኳኑ ሥር ጥብስ ለመብላት፣ አሥር ዓመት ያላየውን የሰፈር ልጅ በድንገት ለማቀፍ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስተው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሲደርሱ ፖሊስ አስቆማቸው። ትንሽ ፈጥኖ ነበር። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን አየና ፈገግ ብሎ «የአዲስ ዓመት ልጅ ነህ!» አለው። ባል እንደ ሁልጊዜው ሳቀ። ይህን ሳቅ ሚስቱ ታውቀዋለች፤ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ የሚስቀው ሳቅ ነው። ከኋላ ግን ልጅቷ ከሕፃን ወንበሯ ላይ ሆና ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ተናገረች፦ «አይደለም! የአባዬ ልደት እኮ በሜይ ነው። ንፍሮ እንበላለን።»

መኪናው ውስጥ ትንፋሽ ጠፋ። ፖሊሱ ልጅቷን አየ፤ መንጃ ፈቃዱን ደግሞ አየ። «እንግዲህ ሁለት ኬክ ታገኛለሽ ማለት ነው» አላትና በማስጠንቀቂያ ብቻ ለቀቃቸው። ሃምሳ ማይል ያህል ማንም አልተናገረም። ከዚያ ሚስት በአማርኛ፣ ዝግ ብላ፦ «ዝም በይ ልንላት ነው እንዴ?»

«ምን እንበላት ታዲያ?»

«እውነቱን ነው የተናገረችው እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔስ መቼ ዋሸሁ? እነሱ ናቸው የጻፉት።»

ልጅቷ ያጠፋችው ነገር እንዳለ ገብቷት ጭኮዋን መብላት አቁማ ነበር። አትላንታ እስኪደርሱ የሚያጽናናት ቃል አላገኙም። ለስድስት ዓመት እንኳ ላልደረሰች ልጅ፣ አባትሽ ሁለት ቀን ተወልዷል፣ አንዱ እውነት ነው፣ ሌላው ደግሞ ሕጋዊ ነው ብሎ ማስረዳት ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

ነገሩ ከቀልድነት የወጣው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ባል እናቱን ለማስመጣት ካመለከተ ቆይቷል። ለማመልከቻው የልደት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። እሱ ሲወለድ ደብረ ሲና ገጠር ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚሰጥ አልነበረም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። እናቱ ምስክሮቻቸውን ይዘው ሄደው አስመዘገቡት። ጸሐፊው መቼ ተወለደ ሲላቸው የሚያውቁትን ተናገሩ። ግንቦት 1 ቀን 1983 ተባለ፤ ማኅተም ተመታበት። ወረቀቱ አሜሪካ ደረሰ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ የአመልካቹ የልደት ቀን በዜግነት ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፣ ሰውየው የዚህች ሴት ልጅ ስለመሆኑ ተጨማሪ ማስረጃ አቅርብ የሚል።

ምክር የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። «እዚያ ሰው አለኝ፣ በሁለት ቀን በታኅሣሥ ያወጣልሃል» ያለው ጓደኛው በክፋት አይደለም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ማለት ታኅሣሥ 23 ቀን 1982 ነው። አንድ ወረቀት ብቻ፤ ከዚያ ሁሉም ሰነድ አንድ አፍ ይሆናል። ባል ወደዚያው አዘነበለ። ከ15 ዓመት በላይ የተሸከመው ቀን ነው፤ አንድ ወረቀት ቢጨመርበት ምን ይለዋል? ከሚስቱ ጋር በዚህ የተጣሉትን ያህል በገንዘብም ተጣልተው አያውቁም። እሷ ያለችው ይህንን ነው፦ «ያኔ ሌላ ሰው ጻፈብህ። አሁን በገዛ እጅህ ልትጽፈው ነው።» እሱ ደግሞ እናቱ ጉልበታቸው እየደከመ እንደሆነ፣ አንድ ክረምት በሳል ተኝተው ማንም እንዳልነገረው፣ እውነት የሚባለው ነገር አውሮፕላን ላይ እንደማያወጣቸው ተናገረ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ጠቡም የረዘመው ለዚህ ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ስለ እራትና ስለ ልጅ ብቻ ነበር የሚነጋገሩት።

የወሰኑት እናቱ ናቸው። ቅዳሜ ማታ በስልክ ነገሩን ጠቅለል አድርጎ ነገራቸው፤ ወረዳው ሄደው ታኅሣሥ 23 ቀን 82 ነው የወለድኩት ብለው እንዲፈርሙ።

«በታኅሣሥ 82?» አሉ።

«አዎ እማዬ። ለወረቀት ነው።»

ስልኩ ውስጥ ዝም አሉ። ከዚያ፦ «ልጄ፣ እኔ የተዳርኩት በ82 ጥር ነው። አባትህን ያየሁት በጥር። በታኅሣሥ ወለድኩህ ብዬ ጣቴን ሳሳርፍ፣ ያ ጸሐፊ ምን ይለኛል? የሠርጌን ጠላ የጠጡት ምስክሮቼስ?»

ባል ይህን አላሰበውም ነበር። ማንም አላሰበውም። ሚስቱ አጠገቡ ሆና እየሰማች አፏን በእጇ ያዘች፤ መጀመሪያ ሳቅ ነው የመጣባት፣ ከዚያ ግን አልሳቀችም። መዝጋቢው ናይሮቢ ላይ የቀጠፋት ዓመት ከአራት ወር ከልጁ ዕድሜ አልፋ እናትየው ክብር ላይ ደርሳ ነበር። በአገራቸው ሴት ልጅ ተድራ፣ ተከብራ፣ በልደታ ቀን ወንድ ልጅ ወልዳ የሠራችው ስም አለ፤ እሱን ለቪዛ ብላ የምትመልሰው አይደለም። «ልደታን ክጄ አሜሪካ ልምጣ?» አሉና፣ የልጅ ልጃቸውን ደህንነት ጠይቀው ስልኩን ዘጉት።

ስለዚህ የረዘመውን መንገድ ሄዱ። ሚስት ከጠበቃ ጋር ሆና ማብራሪያ ጻፈች። የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት፣ 7 እና 8 መቼ እንደሚደመር፣ ስደተኛ ሲመዘገብ 01/01 እንዴት እንደሚሞላ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 እናትየው አራስ መሆናቸውን የሚያውቁ ሰዎች ቃል፣ ሁሉንም። ለረቂቁ ሦስት ሌሊት ፈጅታለች፤ የእሷ ጳጉሜን 6 ዕድሜ ልኳን ያስተማራት ሒሳብ እዚህ ዋለላት። ከዚያ የዘረመል ምርመራ። እሱ እዚህ ጉንጩን በጥጥ አስጠረገ፤ እናቱ አዲስ አበባ ድረስ 190 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ሄደው አስጠረጉ። ውጤቱ ከ99 በመቶ በላይ እናቱ ናቸው አለ። ምራቁ መቼ እንደተወለደ አይናገርም። የዜግነት ወረቀቱን ቀን ማስለወጥ ደግሞ ሌላ ትግል ነው፤ በመሐላ የጸናን ቀን ማንም በቀላሉ አይነካም። ጃንዋሪ 1 አብሮት ይኖራል።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ልደታ ዓርብ ላይ ዋለ። ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስቀሯት። ንፍሮው ማታውኑ ተቀቅሏል፤ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ጨው በብልቃጥ ተያዘ። መድረሻቸው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት 105 ማይል መንገድ የተራራውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል፤ ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው። ለሹፌር ቅጣት ይመስላል። እሱ ግን ከሁሉም ጉዞ ይህንን ይወደዋል፤ የሚቸኩል ተሳፋሪ የለበትም።

32ኛው ማይል አካባቢ ዓለቱን በስቶ የሚያልፍ ዋሻ አለ፤ ከ180 ሜትር በላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የተፈለፈለ። ስሙ የሜሪ ዓለት ዋሻ ነው። እዚያ ሲደርሱ ባል ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ጣርማ በር።» ጣሊያን በወረራው ዘመን ያንን ተራራ የበሳው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። እሱ አገሩን የለቀቀ ዕለት በዚያ ዋሻ በአውቶቡስ ሲያልፍ ጉም ነበር፤ እናቱ ደብረ ሲና ላይ የገዙለት ቆሎ ኪሱ ውስጥ ነበር። ይህን ለልጁ ሲነግራት የመጀመሪያው ነው። «ሜሪ ማናት?» አለች ልጅቷ። አላወቁም።

ፒናክልስ ከሚባለው የሽርሽር ቦታ አንዱ ዛፍ ሥር ነጠላ አነጠፉ። ንፍሮውን ቤት ውስጥ አይበሉትም፤ ከሰማይ በታች መሆን አለበት። ልጅቷ ለኬኩ ስንት ሻማ እንደሚያስፈልግ ጠየቀች። ሠላሳ አራት ነው ወይስ ሠላሳ አምስት? እናትየው ያመጣችው አንድ ሻማ ብቻ ነበር፤ ነፋሱም ቢሆን ከአንድ በላይ አያስለኩስም።

ከፍ ካለው መመልከቻ ላይ ስልኩ ያዘ። ደብረ ሲና መሽቷል። እናቱ የልደታን ንፍሮ በልተው፣ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ገና መግባታቸው ነው። የኤምባሲው ቀጠሮ መጣ ወይ ብለው አልጠየቁም፤ አለመምጣቱን ያውቃሉ። የጠየቁት፦ «ውጭ ነው የበላችሁት?»

«ውጭ ነው እማማ፣ ተራራ ላይ ነን» አለች ሚስት። «አንድ ዋሻ አልፈን ነው የመጣነው፤ የሜሪ ዓለት ነው የሚሉት። ቢያዩት ጣርማ በርን ይመስልዎታል።»

«ሜሪ ማለት ማርያም አይደለችም እንዴ?»

«እሱስ ናት።»

«ታዲያ ምን ያጠያይቃል» አሉ እናትየው።

ሚስት ስልኩን አዙራ ሸለቆውን አሳየቻቸው። ምስሉ ቆም ቀጥል እያለ ሄደ፤ በመጨረሻ ቆመ። ትንሽ ጠብቀው ወደ መኪናው ተመለሱ። ሲወርዱ ባል በ35 ነው የሚነዳው፤ ከኋላቸው መኪና ተከማቸ። ሚስት «አሳልፋቸው» አለችው። ወደ አንዱ መመልከቻ ገብቶ ቆመ። ልጅቷ ከኋላ መስኮት ሆና ቆጠረቻቸው። ሰባት ነበሩ።